ጭንቀትን ከምንጩ መያዝ፦ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያደርግና ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚቀነስ

ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ያለቀበት፣ አከራዩ ደጋግመው የደወሉለት፣ አለቃው "ነገ ጠዋት ይድረስ" ያሉት ሥራ ገና ያልተነካ ሰው "አትጨነቅ" ቢባል ምን ይጠቅመዋል? "በረጅሙ ተንፍስ" ቢሉትም ለአምስት ደቂቃ ቀለል ይለው ይሆናል እንጂ ኪራዩ አይከፈልለትም። ስለ ጭንቀት የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ከትንፋሽና ከመዝናናት ስለሚጀምሩ፣ ችግሩ ያለበት ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ ይተዋቸዋል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ጭንቀቱ የሚመነጭበትን ቦታ እናገኛለን፤ ከዚያ እጃችን የሚደርስበትን እናስተካክላለን። ትንፋሹና እንቅልፉ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እጃችን የማይደርስበትን ሰውነታችን እንዲችለው ያግዛሉና።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

አንጎል "አደጋ መጣ" ሲል ከኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡት ትንንሽ እጢዎች መጀመሪያ አድሬናሊን፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ደም ወደ እግርና ክንድ ጡንቻ ይሄዳል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል፤ አፍ ይደርቃል። ጅብ ለገጠመው ሰው ይህ ሁሉ ነፍስ አድን ነው። ሮጦ ካመለጠ በኋላ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ልቡም ይረጋጋል።

ሀንስ ሰልዬ የተባለው ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች ብርድ ቢደርስባቸው፣ ቢቆስሉ ወይም መርዛማ መድኃኒት ቢወጉ ሰውነታቸው አንድ ዓይነት ለውጥ እንደሚያሳይ ጻፈ፤ እነዚሁ የኩላሊት አናት እጢዎቻቸው ያብጣሉ፣ ጨጓራቸው ይቆስላል። ሰውነት የአደጋውን ዓይነት ብዙም አይለይም ማለት ነው። ለጅብ የተሰናዳው ዝግጅት ለኪራይም፣ ለአለቃም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም ይነሳል። ልዩነቱ ከኪራይ ሮጦ ማምለጥ አለመቻሉ ነው። ዝግጅቱ ሳይጠፋ ለወራት ይቆያል።

ጉዳት የሚያመጣው ይህ መቆየቱ ነው። አንገትና ትከሻ ይጨመደዳሉ፣ ራስ ምታት ይደጋገማል፣ እንቅልፍ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይሰበራል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ሰው የያዘውን ቁልፍ ይፈልጋል፣ በትንሽ ነገር ልጅ ላይ ይጮኻል። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ እንኳ ቁጥሩ አልወርድ ሊለው ይችላል።

ስለ ጨጓራ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር በእሱ ይሳበባልና። ጭንቀት የጨጓራን ሕመም ያባብሳል፣ እውነት ነው። አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ፣ አለዚያም እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ከማብዛት ነው። ባክቴሪያውን ያገኙት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። በአገራችን ባክቴሪያው በስፋት ስለሚገኝ "ሐሳብ ነው ጨጓራዬን የበላው" ብለው ዓመታት ከመታገስ መመርመር ይሻላል፤ በትክክለኛው መድኃኒት ይድናል።

የሚያስጨንቀን ሸክሙ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው ጭንቀት የትልልቅ ኃላፊዎች በሽታ ይመስለዋል። እንግሊዝ አገር ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደው የዋይትሆል ጥናት የተገላቢጦሹን አሳየ፤ በልብ በሽታ ይበልጥ የሚሞቱት ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉት፣ መልእክት አድራሾችና ዘበኞች ነበሩ። ማጨስና የደም ግፊት የልዩነቱን ከፊል ያስረዳሉ እንጂ ሁሉን አያስረዱም። ሮበርት ካራሴክ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ለብቻው ሳይሆን ብዙ ሥራና ትንሽ የመወሰን መብት ሲገናኙ መሆኑን አስረዳ። ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው የሱቅ ባለቤት ደክሞት ይተኛል። በሱቁ ተቀጥሮ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ነገ ይባረር እንደሆነ የማያውቀው ግን ያን ያህል ሳይሮጥም እንቅልፍ ያጣል።

ጭንቀትን ለመቀነስ ሁለት በሮች አሉ፤ ሸክሙን መቀነስ ወይም በሸክሙ ላይ ያለንን ሥልጣን መጨመር። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን በር ብቻ ስናንኳኳ እንኖራለን፤ የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ደስታም ሸክም እንዳለው አይርሱ። ሆልምስና ሬይ የተባሉ ሐኪሞች በ1967 እ.ኤ.አ. 43 የሕይወት ክስተቶችን በክብደታቸው ሲደረድሩ የትዳር ጓደኛን ሞት 100፣ ማግባትን 50 ነጥብ ሰጥተዋል። ሠርግ ደግሶ በማግሥቱ የታመመ ሰው ምስክር ነው።

ደረጃ 1፦ ሌላ ሕመም አለመሆኑን ያረጋግጡ

የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና መክሳት የእንቅርት እጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ይመጣሉ። ድካምና ትንፋሽ ማጠር ከደም ማነስ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ጥም ከስኳር ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የስኳርና አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያድርጉ። የደረት ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትተው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ የአንድ ሳምንት መዝገብ

ትንሽ ደብተር ይግዙ፤ ስልክ ላይ ከሚጻፈው ይልቅ ወረቀት ይመረጣል፣ ስልኩ ራሱ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላልና። ሰውነትዎ በተወጠረ ቁጥር አራት ነገር ይጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተፈጠረ፣ የት ቦታ ላይ እንደተሰማዎት፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረጉ። ረጅም አይጻፉ፤ ሁለት መስመር ይበቃል።

እንበል፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ እንዲህ ጻፈች፦ "ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ፤ መንጋጋዬን ነክሻለሁ፤ ቢሮ ስደርስ ቡና ደረብኩ።" "ሐሙስ፣ ማታ 2 ሰዓት፤ ወንድሜ ደወለ፣ ብር ይፈልጋል፤ ሆዴ ተገለበጠ፤ እሺ አልኩት፣ ከዚያ ባሌን ተቆጣሁት።" "እሑድ ከሰዓት፤ ምንም አልተፈጠረም፤ ራሴን አመመኝ።" ሥራዋ የሚያስጨንቃት የመሰላት ሴት ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሯን ስታነብ፣ ከመዘገበችው ግማሹ ስለ ገንዘብ ጥሪ፣ ሌላው ስለ ትራንስፖርት ሆኖ ልታገኘው ትችላለች። የእሑዱ ራስ ምታት ደግሞ ሰኞን ከመጠበቅ የመጣ ነው። ሳይጻፍ ግን ሁሉም "ሥራ በዝቶብኛል" በሚል አንድ ስም ይጠራ ነበር።

ይህን ደረጃ አይዝለሉ። የቀሩት ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ለሦስት ይክፈሉት

የተጻፈውን አንድ በአንድ እያዩ በሦስት ይመድቡ፤ እኔ ብቻዬን ልለውጠው የምችለው፣ ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግሬ የምለውጠው፣ ምንም ባደርግ የማልለውጠው። የኑሮ ውድነት፣ የአገሩ ሁኔታ፣ የእናት የቆየ ሕመም ሦስተኛው ውስጥ ይገባሉ። በጣም የተጨነቀ ሰው ሁሉንም ወደ ሦስተኛው መክተት ይቀናዋል። ለዚህ የሚያምኑት አንድ ሰው አብሮዎት ቢያይ ጥሩ ነው፤ "ይሄማ አለቃህን አንድ ቃል ብትነግረው የሚያልቅ ነው" የሚል ዓይን ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ አንዱን ብቻ ይፍቱ

ከመጀመሪያው ምድብ አንድ ነገር ይምረጡ፤ ትልቁን አይደለም፣ ቶሎ የሚያልቀውን። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። "ሕይወቴ ተመሰቃቅሏል" ችግር አይደለም፣ ምሬት ነው። "የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ነሐሴ ላይ ከየት እንደማመጣ አላውቅም" ግን ችግር ነው። ቀጥሎ የሚመጣልዎትን መፍትሔ ሁሉ፣ የሚያስቀውንም ጭምር ይዘርዝሩ። አንዱን ይምረጡ፣ ቀንና ሰዓት ይስጡት፣ በሳምንቱ ይገምግሙት።

የገንዘብ ጭንቀት ብዙ ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ እየታወቀ ነው በድንገት የሚመጣው። መስከረም በየዓመቱ ይመጣል፤ ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይዞ፣ ከዘመን መለወጫና ከመስቀል ጋር ተደርቦ። ገናና ፋሲካ፣ ኢድ፣ የቤት ኪራይ ውል የሚታደስበት ወር፣ ሁሉም ይታወቃሉ። አሥራ ሁለቱን ወራት በአንድ ወረቀት ላይ አስምረው ትልልቅ ወጪዎችን በየቦታቸው ያስገቡ፤ ከዚያ እቁብ ሲገቡ ዕጣው በየትኛው ወር ቢደርስዎት እንደሚሻል አውቀው ከዳኛው ጋር ይነጋገራሉ። ብሩ በዚህ አይጨምርም። የማይታወቀው ግን ይቀንሳል፤ ሌሊት የሚያስነሳውም በአብዛኛው የማይታወቀው ነው።

ሥልጣን የሚጨምር ሌላው ነገር ሕጉን ማወቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ ይመዘገባል፣ በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። "ነገ ስንት ይጨምሩብኝ ይሆን" እያለ የሚያድር ተከራይ ውሉ መመዝገቡን ማረጋገጡ ከየትኛውም ማስታገሻ ይበልጥበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ፈቃዱን አከማችቶ የሚኮራ ሰው አውቃለሁ። ፈቃድ ግን የሚወሰደው ለዕረፍት ነው፤ በዚያ ላይ ዝም ተብሎ እየተገፋ ከሄደ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 5፦ ይሉኝታ

ሁለተኛው ምድብ፣ ማለትም ተነጋግረን የምንለውጠው፣ እኛ ዘንድ ትልቁ ነው፤ ቁልፉም እምቢ ማለት ላይ ነው። "እምቢ በሉ" የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ከእኛ ኑሮ ጋር ስለማይገጥም ነው። እኛን ያሳደገን የአጎት ገንዘብ፣ የአክስት ቤት፣ የጎረቤት እንጀራ ነው። ለአክስት ልጅ ፊት ለፊት "አልችልም" ብሎ መዝጋት ጭንቀት አይቀንስም፣ ጸጸት ይጨምራል እንጂ። እሺ ብሎ አለመፈጸም ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ስልክ ባቃጨለ ቁጥር መሸሽ ያመጣል።

የሚሠራው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ገደቡን አስቀድሞ መወሰንና በፍቅር ቃል መናገር። በዓመቱ መጀመሪያ ለቤተሰብ እርዳታ በየወሩ የሚለቁትን መጠን ይወስኑ። ጥያቄ ሲመጣ "እትዬ፣ ለዚህ ወር የያዝኩት አልቋል፤ እስከሚቀጥለው ደመወዝ ከታገሱኝ ይህን ያህል አደርሳለሁ" ይበሉ። ያሉትንም በቀኑ ያድርሱ። ስልክ ላይ ወዲያው አይመልሱ፤ "ነገ ማታ ልደውልልህ" ማለት አንድ ሌሊት የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ለአለቃም እንዲሁ፤ "አልችልም" ከማለት "ይህን ነገ ካደረስኩ ያኛው ለሐሙስ ይተላለፋል፤ የትኛውን ላስቀድም?" ማለት ምርጫውን ወደ እሳቸው ይመልሳል። አብዛኛው አለቃ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንደሰጠ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ክፍል ደግማችሁ ብታነቡት አይከፋም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሌሊት ሥራ ውሎ ሊተኛ የሄደ ሰው ከአገር ቤት በሚመጣ ጥሪ ሲነቃ፣ እንቅልፉም ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው ተመርጦ ጥያቄዎችን ሁሉ እሱ አሰባስቦ በወር አንድ ቀን ቢያቀርብ ብዙ ቤተሰብ ከኩርፊያ ይድናል። ለድንገተኛ ሕመምና ለሞት የተለየ ቁጥር ወይም ሰው ይኑር፤ ሌላው ሁሉ ቀኑን ይጠብቅ።

ደረጃ 6፦ ሰውነትን ማርገብ

አሁን ትንፋሹ። ጀርባዎን አስደግፈው ይቀመጡ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ያህል ይሆናል፤ አምስት ደቂቃ ይቀጥሉ። ሥራው ያለው ወደ ውጭ በሚረዝመው ላይ ነው፤ ልብን የሚያረጋጋውን የነርቭ ክፍል ያነቃል። መጀመሪያ ቀለል ባለዎት ሰዓት ይለማመዱት፤ በጭንቅ ሰዓት መማር አይቻልም። ታክሲ ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም ማንም ሳያይዎት ይሠራል።

መንጋጋና ትከሻ ለሚጨመደድበት ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ጡጫን ለአምስት ሰከንድ ያህል አጥብቆ መጨበጥ፣ ከዚያ በአንዴ መልቀቅና ልዩነቱን ማስተዋል፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ እግር። ማታ አልጋ ላይ ይስማማል።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሥራ ሲመለሱ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ ያንን ለመሙላት ያግዛል፤ ሰልፉንም ያስረሳል።

ደረጃ 7፦ ቡና፣ ጫት፣ መጠጥና እንቅልፍ

ቡና ተው የሚል ሰው አይሰማም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። እንቅልፍ የሚቸግርዎት ከሆነ ቡናው ከምሳ በፊት ይለቅ፤ ከሰዓቱ ሥነ ሥርዓት ካልቀረ በረካው ላይ ይድረሱ። በጾም ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ ቡና የሚያመጣውን የልብ ምት ጭንቀት ነው ብለው የሚደነግጡም አሉ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ምርቃናው ጭንቀቱን ለጥቂት ሰዓት ያስረሳል፤ ሲወርድ ግን ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ያንን ለመስበር ጨብሲ ይገባል፣ መጠጡ ደግሞ እንቅልፉን ሌሊት እኩል ላይ ይሰብራል፣ ጠዋት ለመንቃት ቡና። ይህ ዙር ውስጥ ያለ ሰው ጭንቀቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ቢያንስ መዝገቡን የሚይዝባት ሳምንት ከጫቱም ከመጠጡም ይራቅ። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ግን መጠጡን በአንዴ ማቆም አደጋ ስላለው ሐኪም ያማክር።

ለእንቅልፍ ከሁሉ የሚበልጠው በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት መነሳት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ ካልመጣ ይነሱ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ቢሆንም ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ መብራት ቀንሰው፣ ስልክ ሳይነኩ ይቆዩ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ሌሊት ለሚመጣ ሐሳብ ደግሞ ቀን ላይ ቀጠሮ ይስጡት። ከእራት በፊት ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለው የሚያስጨንቀውን ሁሉ ይጻፉ። ሌሊት ሲመጣ "ነገ 12 ሰዓት ላይ እንገናኛለን" ይበሉት። ሞኝነት ይመስላል፤ ቢሆንም ይሠራል።

ዲያዚፓም የተባለውን የማረጋጊያ ኪኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ አይልመዱ። ሱስ ያስይዛል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው በአንዴ ማቆም የለበትም።

ደረጃ 8፦ ሰው

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሁሉም ይናገሩ ማለቴ አይደለም፤ ቡና ላይ የተወራ ማታ ሰፈር ይደርሳል። የሚያዳምጥ እንጂ ወዲያው የማይመክር አንድ ሰው ይምረጡ፤ ጓደኛ፣ እህት፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ሊሆን ይችላል። "መፍትሔ አልፈልግም፣ ዝም ብለህ ስማኝ" ብሎ መጀመር ይቻላል። እድሩና ጉባኤው ላይ መገኘት በራሱ መድኃኒት አለው፤ የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚያቋርጠውም እነሱን ነው።

ደረጃ 9፦ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው መቼ ነው

ሁለት ሳምንት ሙሉ በአብዛኛው ቀን መከፋት ወይም ምንም ነገር አለማስደሰት፣ ሥራ መሄድ አለመቻል፣ ድንገት የሚመጣ "አሁን ልሞት ነው" የሚያሰኝ ፍርሃት፣ ወይም ለመተኛት የግድ መጠጥ መፈለግ ካለ ከዚህ መመሪያ በላይ ሆኗል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ያንኑ ቀን ለአንድ ሰው ይናገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 መደወል ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰው ይፈራዋል፤ ነገር ግን በተመላላሽነት ታክመው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ስላሉ ከቅርብዎ መጀመር ይችላሉ። ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙ፤ በጥድፊያ በተሞላ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ "ከመቼ ጀምሮ? በስንት ሰዓት? ምን ስትሆን?" ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ ተጽፎ ይጠብቃል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ጫትና መጠጥንም ጨምሮ፣ ሳይደብቁ ይንገሩ።

የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ከታዘዘልዎት ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብለው አይተዉት፣ ሲሻልዎትም በራስዎ አያቋርጡት። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚፈልጉ ለሐኪሙም ለካህኑም አስቀድመው ይንገሩ፤ ኪኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት ከጠበሉ ጋር ማስማማት ይቻላል።